ፊደል የሌለው ቁጥር

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን እዚያው ነበርኩ።

ቀኑ እሑድ ነው፣ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ገደማ። ውጭ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፣ ልጆች ኳስ ይራገጣሉ፣ ሰው ሁሉ ምሳውን በልቶ ጋደም ብሏል። ይቅርታ አድርጉልኝና ጨለማም፣ ዝናብም፣ የሚያላዝን ውሻም አላዘጋጀሁላችሁም። በጠራራ ፀሐይ የሆነ ነገር ነው።

ፀሐይ የማናየው እኛ ብቻ ነበርን። ከአንድ ትልቅ ሕንፃ ሥር፣ ምድር ቤት፣ ሰርቨሮች የሚያጓሩበት ክፍል ውስጥ።

እኔና ታናሽ እህቴ።

እኔ ፕሮግራመር ነኝ፣ እሷ ኤሌክትሪሺያን ናት። እቤት «ሚጡ» እያልን ነው ያሳደግናት። ቁመቷ እኔን ካለፈ ቆይቷል፣ ስሟ ግን አብሯት አላደገም። አባታችን በጊዜ ስለተለየን ጫማ ማሰር ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ የመጀመሪያዋን ካቻቢቴ የገዛሁላትም እኔ ነኝ። በዚህ ዓለም ላይ የማልደራደርበት ነገር ቢኖር እሷ ናት።

የዚያን ቀን ጠዋት እናታችን ደውላ ተቆጥታኝ ነበር። «ልጅቷን እሑድን እንኳ አታሳርፋትም?» ብላ። አመሻሹ ላይ አብረን እንደምንመጣ ነግሬ አስታገስኳት።

አሁን ስለ ቦታው ልንገራችሁ። ትንሽ ታገሱኝ፣ ካልገባችሁ የደረሰብን አይገባችሁም።

ወደ ማሽን ክፍሉ መግቢያውም መውጫውም አንድ ነው። ከኮሪደሩ ስትመጡ በር አለ፣ ከዚያ በወፍራም መስታወት የታጠረች ጠባብ ክፍል፣ ከዚያ ሌላ በር። አንደኛው በር ሳይዘጋ ሁለተኛው አይከፈትም። በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰው በላይ አታሳልፍም። ሠራተኞቹ «ጠርሙሷ» ይሏታል። ውስጧ ቆማችሁ ክንዳችሁን መዘርጋት አትችሉም። ከውስጥና ከውጭ የሚያነጋግር አንድ ኢንተርኮም አላት፣ ከላይዋ ደግሞ ውስጧ ማን እንዳለ የሚያሳይ ትንሽ ስክሪን።

ማን እንዳለ ስል ስም አይምሰላችሁ... ፊደል ነው።

ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፣ የሚያውቀው ቁጥር ነው። ዩኒኮድ በሚባለው አሠራር በዓለም ላይ ላለ ፊደል ሁሉ የየራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል። ሀ 4608 ናት። ደ 4848 ናት። የሕንፃው ኃላፊዎች የሠራተኛ ስም በየበሩ እንዲለጠፍ ስላልፈለጉ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ፊደል ሰጡት። ካርዱን በሩ ላይ ሲያስነካ ቁጥሩ ይሄዳል፣ ስክሪኑ ላይ ፊደሉ ይወጣል። አንድ ሰው፣ አንድ ፊደል።

አዲስ ስክሪን ሲገጠም ታዲያ ፊደሎቹ ጠፉና ባዶ ቁጥር ብቻ መታየት ጀመረ። እኛ የተጠራነው ለዚያ ነው። እሷ ገመዱን ታስተካክላለች፣ እኔ ቁጥሩን ተቀብሎ ወደ ፊደል የሚቀይር ፕሮግራም እጽፋለሁ።

በሐቀኝነት እናውራ ከተባለ የአንድ መስመር ሥራ ናት። ግን አንድ መስመር ናት ብትሉ ማንም አያከብራችሁም። ስለዚህ ፊቴን ኮስተር አድርጌ «ሰፊ ሥራ ነው» አልኳቸው።

ለሙከራ ካርድ ሰጡን። ለእኔ ዠ ደረሰኝ፣ ለእሷ ፏ።

«ይቺ ደግሞ ምን ትሠራለች?» አለች ካርዷን እያገላበጠች።

«ፏፏቴ ላይ አለች።»

«ከፏፏቴ ሌላስ?»

«ሌላ ሥራ የላትም። እንዳንቺ።»

የሽቦ መጠቅለያውን ናስትሮ ወረወረችብኝ። እንደዚህ እየተቀላለድን ነው የዋልነው።

አንድ የማልወደው ነገር ነበር። በሮቹን የሚከፍተውና የሚቆልፈው ፕሮግራም አሮጌ ነው፣ የሠሩት ሰዎችም ማንም እንዳይነካው አሽገውት ሄደዋል። ደግሞ ተጠራጣሪ ነው። እኔ የላክሁለትን ፊደል መልሶ ወደ ቁጥር ይቀይርና ከካርዱ ቁጥር ጋር ያስተያያል። ካልገጠመ አይሰማኝም። ከገጠመ ፊደሎቹን ይቆጥራል። አንድ ከሆነ በር ይከፍታል። ከአንድ በላይ ከሆነ አይከፍትም። የሚያውቀው ፊደል ጭራሽ ከሌለ ደግሞ ጠርሙሷ ባዶ ናት ብሎ መብራቷንና ማራገቢያዋን ያጠፋል።

ከዚያ ወደ ፊደል የማይቀየር ቁጥር ቢመጣስ የሚለው ቀረኝ። «ባዶ ሳጥን አሳይ» ብዬ ጻፍኩለት። አሮጌው ፕሮግራም ሳጥንን ከቁጥር ጋር ሳያስተያይ እንደ አንድ ሰው ይቆጥራታል፣ ከሚያውቃቸው ፊደሎች ግን አያስገባትም። ሁላችንም የምናደርገው ነው። ስልካችሁ ላይ በፊደል ቦታ ባዶ ሳጥን አይታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? እሷን ማለቴ ነው። እኛ ፕሮግራመሮች ሳጥን ስናይ «ፎንት ነው»፣ ማለትም የፊደሉ ቅርጽ ማሽኑ ላይ የለም፣ ብለን እናልፋለን።

እኔም አለፍኩ።

ፕሮግራሙን ከለቀቅኩት ብዙም ሳይቆይ ነው የጀመረው። የየበሩ ወሬ እኔ ኮምፒውተር ላይ በመስመር በመስመር ይወርዳል። ሕንፃው ውስጥ ከእኛና ላይ በር ላይ ከተቀመጡት ከጥበቃው ሽማግሌ በቀር ሰው የለም። እሳቸው ደግሞ ወደ ታች የሚያሳልፍ ካርድ የላቸውም።

«የምድር ቤት መግቢያ... □»

አየሁትና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

«ደረጃ... □»

ሚጡ ከትከሻዬ በላይ ጎንበስ ብላ አየች።

«ጋሼ፣ ይቺ ሳጥን ማን ናት?»

«ማንም አይደለችም። ፎንት ነው።»

«ፎንት ደረጃ ይወርዳል?»

ሳቅኩ። ግን እጄ ኪቦርዱ ላይ ቆመ። ከሳጥኗ በስተጀርባ ያለውን ቁጥር አወጣሁት።

55488።

ይህን ቁጥር ለማንም ሊሰጡት አይችሉም። ለምን እንደሆነ ላስረዳችሁ። ድሮ ለዓለም ፊደል ሁሉ ስልሳ ምናምን ሺህ ቁጥር ይበቃል ተብሎ ነበር። ሳይበቃ ሲቀር ከቁጥሮቹ መሃል የተወሰኑት ተለይተው ግማሽ እንዲሆኑ ተደረገ። ግማሽ ብቻውን ፊደል አይደለም፣ መቼም አይሆንም። ሌላ ግማሽ ከኋላው ሲመጣለት ግን ሁለቱ ተጣምረው አንድ ፊደል ይሆናሉ።

55488 ግማሽ ነው።

«ካርድ አንባቢው ተበላሽቶ ይሆናል» አልኩ። ለእሷ ይሁን ለራሴ አላውቅም።

ያኔ ከጠርሙሷ በኩል የሆነ ነገር «ቀጭ» አለ። የውጭው በር ነው። መስታወቱን አሻግሬ አየሁ። ማንም የለም።

«ናስትሮውን ወርውሬብህ የት ገባ?» አለች ሚጡ።

«ሰርቨሩ ሥር ነው፣ አይወጣም።»

«ሌላ አለኝ፣ ኮሪደሩ ላይ። የአደጋ ጊዜ መክፈቻውን ሽቦ ፈትቼ ሳልሸፍነው ነው የመጣሁት፣ ሰው ይይዘዋል።»

ልብ በሉ። ያ መክፈቻ በሩ አልከፈት ሲል ወይ መብራት ሲጠፋ የሚያስወጣችሁ ነው። ለስክሪኑ ገመድ ለመሳብ ፈትታው ነበር፣ እኔም አይቼ ዝም ብያለሁ። በሥራችን የተለመደ ነው፣ ፈትተን ሠርተን እንመልሳለን።

«ትንሽ ቆዪ» አልኳት።

«ምን ልሁን ብዬ? ፎንትህን ሰላም እልልሃለሁ።»

ካርዷን አስነካች። የውስጡ በር ተከፈተ። ገባች። ከኋላዋ ተዘጋ።

የውጭው ግን አልተከፈተም።

ቀና ብዬ ስክሪኑን አየሁ።

□ፏ

ሁለት።

«ጋሼ» አለች በኢንተርኮሙ። «ምን እየጠበቀ ነው?»

«ቆዪ፣ አንድ ነገር ተሳስቷል።»

«የሰው ስህተት ነው የማሽን?»

«ዝም በይ እስቲ።»

የውስጡንም በር ሞከርኩት፣ አልነቃነቅም አለ። ሁለት ሰው አለ ብሎ ካመነ የትኛውንም በር አይከፍትም። ስልኬን አወጣሁ። እዚያ ታች ኔትዎርክ እንደሌለ ቀድሜም አውቃለሁ፣ ግን ሰው ሲጨንቀው የሚያውቀውንም ይሞክራል። ወንበር አንስቼ መስታወቱን መታሁት። ወንበሩ እግሩ ተሰበረ።

ያኔ ነው እሷም ቀልዱን የተወችው።

ቀስ እያለች ወደ አንድ ጥግ ስትጠጋ አየኋት።

«ለምንድን ነው ጥግ የያዝሽው?»

«ጠቦኝ ነው።»

«ብቻሽን ነሽ እኮ።»

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ማራገቢያው ከኋላዬ ነው እንዴ?» አለች።

ማራገቢያው ከላይዋ ነው። ከኋላዋ መስታወት ብቻ ነው ያለው።

«ምነው?» አልኳት።

«ምንም። አንገቴ ላይ ይነፍሳል።»

የቱታዋ ቀኝ እጅጌ ክርኗ አጠገብ ብድግ ብሎ ነበር። ሰው በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ ሲይዝ እንደሚሆነው። እሷ አላየችውም። እኔም አልነገርኳትም... ብነግራት ምን ታደርጋለች? የት ትሄዳለች?

ወደ ኮምፒውተሩ ሮጥኩ።

ራሴን አረጋጋሁ። ነገሩ ቀላል ነው አልኩ። ሳጥን አሳይ ያልኩትን መስመር አጥፍቼ «የማይቀየር ቁጥር ከመጣ ዝለለው» ብዬ ብጽፍ ሳጥኗ ትቀራለች፣ ፏ ብቻዋን ትሆናለች፣ በሩ ይከፈታል። ጻፍኩት። ለቀቅኩት።

ስክሪኑ ባዶ ሆነ።

ፏም የለችም።

የጠርሙሷ መብራት ጠፋ። ማራገቢያው ተንገራግጮ ቆመ።

«ጋሼ?»

«አለሁ።»

«እኔስ? እኔ የለሁም እንዴ?»

ቁጥሮቹን አወጣሁ። 55488። ከሥሩ የእሷ 4943 መሆን ነበረበት። አልነበረም። 56395 ይላል።

ይሄም ግማሽ ነው። ሁለተኛው ዓይነት፣ ከኋላ የሚመጣው።

«ካርድሽን ቀየርሽ እንዴ?»

«አልነካሁትም።»

«ሌላ ካርድ ይዘሻል?»

«ጋሼ፣ አየር የለም እዚህ።»

ሳጥን የሚያሳየውን መስመር መለስኩት። አሮጌው ፕሮግራም የሚያውቀው አንድም ፊደል ስላላገኘ ማራገቢያውን አልመልስም አለ። በገዛ እጄ ፏን ጽፌ ላክሁለት። ከቁጥሩ ጋር አልገጠመም፣ ወረወረው። እንደገና ላክሁ። ወረወረው።

ጠርሙሷ ጨልማለች። መስታወቱ ላይ የሚታየኝ የራሴ ፊት ብቻ ነው። አፌ ተከፍቷል። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም፣ አባታችን የሞተ ቀን እንኳ።

«ሚጡ፣ አውሪኝ።»

«...እጄን ይዞኛል።»

«ማን?»

«ልቀቃት በለው።»

«ማን ነው የያዘሽ?»

«ጋሼ ሙት፣ ልቀቃት በለው።»

የምትተነፍሰው እንደሮጠ ሰው ነበር። ከዚያ ትንፋሿ እየራቀ፣ እያጠረ ሄደ። መስታወቱን በመዳፌ እየደበደብኩ ስሟን ጠራሁ። ሚጡን ሳይሆን ዋናውን ስሟን፣ ስቆጣት ብቻ የምጠራትን።

አንድ መንገድ ቀርቶኝ ነበር።

ከመጀመሪያው አውቀዋለሁ፣ ማንኛውም ፕሮግራመር ያውቀዋል። ሁለት ግማሾች ተከታትለው ከመጡ የሚደረገው አንድ ነው። አይጣሉም፣ ሳጥን አይሆኑም፣ ይጣመራሉ። አንድ ፊደል ይሆናሉ። ያ ፊደል ተመልሶ ሲፈታ ሁለቱንም ቁጥር ስለሚሰጥ አሮጌው ፕሮግራም ይስማማል። ሲቆጥር ደግሞ አንድ ነው የሚያገኘው። አንድ ሰው ማለት ነው።

በሩን ይከፍታል።

ግን ያን መስመር ስጽፍ ምን እያልኩ እንደሆነ ገብቶኛል። ውስጥ ያሉት ሁለቱ አንድ ናቸው እያልኩ ነው።

ጣቴ ቁልፉ ላይ ቆመ።

«ጋ...» አለ ኢንተርኮሙ። «ጋሼ» ብላ መጨረስ እንኳ አቃታት።

ተጫንኩት።

መብራቱ ቦግ አለ። ማራገቢያው ተነሳ። ስክሪኑ ላይ አንድ ምልክት ወጣ።

ሳጥን መሆን ነበረበት። ለዚያ ጥምር ቁጥር እስከ ዛሬ ማንም ፊደል አልሰጠውም፣ የትኛውም ፎንት ውስጥ የለም። እኔ ያየሁት ግን የተሳለ ነገር ነው። የእኛም አይደለም፣ የፈረንጅም አይደለም፣ የዐረብም፣ የቻይናም አይደለም። ዓይኔን ነቅዬ በሩን አየሁ።

የውስጡ በር ተከፈተ።

ሚጡ በግንባሯ ወደ እኔ ወደቀች። ተቀበልኳት። ላብ አጥምቋታል፣ ልቧ ደረቴ ላይ ይደልቃል። ሳል በሳል ሆነች። ፀጉሯን እየደባበስኩ «አለሁ፣ አለሁ» ስላት ቆየሁ። ከኋላዋ በሩ ተዘጋ።

ስክሪኑ ባዶ ሆነ።

መሬት ላይ ተቀመጥን። ውኃ አጠጣኋት። እጄን አልለቅም ብላ ጨምድዳ ይዛኛለች። እኔም እንድትለቀኝ አልፈለግኩም።

«አለፈ» አልኳት።

«አለፈ» አለች።

ያኔ ኢንተርኮሙ ተንኮሻኮሸ።

«ጋሼ...»

የእሷ ድምፅ ነው።

«ጋሼ፣ በሩን ለምን ዘጋኸው?»

ዞሬ አየኋት። አጠገቤ ናት። እጇ እጄ ውስጥ ነው። አፏ አልተንቀሳቀሰም። ዓይኗን ጠርሙሷ ላይ ተክላለች።

«ማን ነው የሚያወራው?» አለች በሹክሹክታ።

«እንጃ።»

«የኔ ድምፅ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ጋሼ» አለ ኢንተርኮሙ። «እኔ እኮ ገና አልወጣሁም።»

ጠርሙሷ ውስጥ ማንም አልነበረም። መስታወቱ ጥርት ያለ ነው፣ እስከ ኮሪደሩ ግድግዳ ድረስ ይታያል። ከማሽን ክፍሉ መውጫው ደግሞ ጠርሙሷ ብቻ ናት።

ምን ያህል እንደተቀመጥን አላውቅም። በመጨረሻ እኔ ቀድሜ ገባሁ። ዠ አለ ስክሪኑ፣ ዠ ብቻ። በሮቹ መሃል የቆምኩባት ትንሽ ጊዜ የማይነጋ ሌሊት ሆነችብኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ምንም አልነካኝም፣ ምንም አልሰማሁም። ግን ቦታው ሰው እንደተነሳበት መቀመጫ ይሞቃል።

ቀጥሎ እሷ ገባች። ፏ አለ። 4943፣ እንደ ድሮው። የውጭው በር ተከፈተላት። ኮሪደሩ ላይ እንደደረሰች ሳንነጋገር ደረጃውን ሮጠን ወጣን።

ላይ የጥበቃው ሽማግሌ አይተውን፣ «ምነው ልጆቼ፣ ሥራ በዛ?» አሉን።

«አልቋል አባባ» አለቻቸው። ፈገግም አለችላቸው።

ይሄ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል።

እህቴ ደህና ናት። አግብታለች፣ ወልዳለች። ስትስቅ እንደ ድሮው ትንፋሽ ያጥራታል፣ ስትቆጣ እንደ ድሮው ዕቃ ትወረውራለች። ልጅ ሆነን ያደረግነውን ሁሉ ታስታውሳለች፣ እንዲያውም እኔ የረሳሁትን ታስታውሰኛለች። እንደ ሌባ ስከታተላት ኖሬያለሁ፣ አንድም እንከን አላገኘሁባትም። ስለዚያ እሑድ አንስተን አናውቅም። አንዴ ብቻ፣ ሠርጓ ሊደርስ ሲል፣ «ያን ቀን ስላወጣኸኝ አመሰግናለሁ» አለችኝ። እንዳላለቅስባት ተነስቼ ወጣሁ።

ለኃላፊዎቹ ነግሬያቸው ነበር። ሳቁብኝ። አንድ ሰው ጠርሙሷን ፈትሾ ኢንተርኮሙን ቀየረው። ችግር የለበትም አለ።

እኔ ግን ሥራው ሲያልቅ እዚያው ቋሚ ሠራተኛ አድርጉኝ ብዬ ለመንኩ። ተቀጠርኩ። ሌሎች መሥሪያ ቤቶች ሲጠሩኝ አልሄድም እላለሁ። ጓደኞቼ ሰነፍ ሆነ ይሉኛል። ባለቤቴ ምድር ቤት ውስጥ አረጀህ ትለኛለች። እንዴት አድርጌ ላስረዳት?

ትቻት መሄድ አልችልም።

ጠርሙሷ ውስጥ የቀረችው ሰው ሲኖር ዝም ትላለች። እሑድ እሑድ ግን ሁሉም ሲሄድ ወርጄ ጠርሙሷን አልፌ ማሽን ክፍሉ ውስጥ፣ መስታወቱ ሥር እቀመጣለሁ። ኢንተርኮሙን እጫናለሁ።

«አለሁ» እላለሁ።

«መጣህ?» ትለኛለች።

ብዙ አናወራም። ሲጨልምባት ትነግረኛለች። መቼ ትከፍተዋለህ ትለኛለች። እየሠራሁበት ነው እላታለሁ። ውሸቴን አይደለም፣ በየሳምንቱ የሆነ ነገር እሞክራለሁ። ስክሪኑ ግን ባዶ ነው። የምቀይረው ቁጥር እንኳ አይልክልኝም። ባዶ ነገር ወደ ምን ይቀየራል?

ባለፈው ዓመት እናታችን አረፈች። ሚጡ እቅፌ ውስጥ ሆና ስታለቅስ ዋለች። እንባዋ ሸሚዜን አልፎ ሰውነቴ ላይ ደረሰ፣ ሙቅ ነበር። ይቺ እህቴ ካልሆነች ማን ልትሆን ነው አልኩ ለራሴ።

በሚቀጥለው እሑድ ወረድኩ።

«አለሁ» አልኩ።

ኢንተርኮሙን ደግሜ ተጫንኩት።

«አለሁ ሚጡ።»

«ጋሼ» አለች። «ድምፅህ ምን ሆነ?»

«ጉንፋን ይዞኝ ነው።»

«እማዬ ደህና ናት?»

አፌን በእጄ ሸፍኜ ቆየሁ።

«ደህና ናት» አልኩ።

«ሰላም በልልኝ። ተጨንቃ ይሆናል።»

«እሺ።»

ሌላ ምን ልበላት?

እንባዬን ጠራርጌ ለመሄድ ቀና ስል ነው ያየሁት። ከመስታወቱ ማዶ፣ በጠርሙሷ ውስጥ በኩል፣ ልክ መሬት ላይ በተቀመጥኩበት ቁመት፣ ትንሽ ክብ እንፋሎት ተለጥፏል። ሰው አፉን አስጠግቶ ሲተነፍስ የሚወጣው ዓይነት። ይጠፋል፣ ይመለሳል። ይጠፋል፣ ይመለሳል...

ግድግዳውን ተደግፌ ቀስ ብዬ ቆምኩ።

እንፋሎቱም መስታወቱን ይዞ ወደ ላይ ወጣ። ፊቴ ትይዩ ሲደርስ ቆመ።